ፔታሉ ወደ ታች የሚወድቅ ረጅም ቢጫ አበባ፤ ስሙን የሚያውቅ አለ?

ቤዛ_ሜሪላንድ፦
ሰላም የጓሮ ቤተሰቦች። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነን። ቤቱን የገዛነው በዊንተር ስለሆነ ጓሮው ውስጥ ምን እንዳለ አላየንም ነበር። ኤፕሪል ላይ ሸካራ ቅጠል ያለው ነገር በሁለት በሦስት ቦታ ብቅ አለ። ባለቤቴ አረም ነው ብሎ ሊያጭደው ሲል አማቴ "ቆዩ እስቲ፣ ምን እንደሚያወጣ እንየው" ብለው አስተረፉት። አሁን ጁላይ ነው፣ አንዳንዱ በቁመት በልጦኛል። ቢጫ አበባ አወጣ። ፔታሎቹ (ዙሪያውን ያሉት የአበባው ቅጠሎች) ቀጥ ብለው አይዘረጉም፣ ወደ ታች ይወድቃሉ። መሐሉ ላይ ጉብ ያለ ነገር አለው።

የስልኬ አፕ ትናንት "ቢጫ ኤክናሲያ" አለኝ። ዛሬ ሌላ ፎቶ ሳሳየው "ሩድቤኪያ" አለኝ። ባለቤቴ የኤች ኦ ኤ (የሰፈር ማኅበሩ) ደብዳቤ ሳይመጣብን እንቁረጠው እያለ ነው። አራት ፎቶ ለጥፌያለሁ። ምንድን ነው? ይቆይ ወይስ ይነቀል?

ዳኒ_ዲሲ፦
ይሄማ አደይ አበባ ነው። መስከረም እስኪጠባ አላስችል ብሎት መጣ ሃሃ።

አትክልተኛዋ፦
ዳኒ፣ አደይ ከቤዛ በላይ አይረዝምም። መሐሉም ይሄን ያህል ጉብ አይልም። ደግሞ አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል የአንድ ወቅት ተክል ነው። የቤዛ ግን ሥሩ መሬት ውስጥ ከርሞ ኤፕሪል ላይ ያቆጠቆጠ ነው። ዘመድ መሆናቸው እውነት ነው፣ ቤተሰባቸው አንድ ነው።

ቤዛ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የችግኝ መሸጫ ናርሰሪ ነው የምሠራው። ይሄንን ተክል በየሳምንቱ ነው የማየው። ፎቶ 2 ላይ ከታች ያለው ቅጠል በጥልቀት የተሰነጣጠቀ ነው፣ አገዳው ለስላሳ ነው። ሩድቤኪያ ላሲኒያታ ነው፣ አልጠራጠርም። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ወንዝ ዳር ማንም ሳይተክለው የሚበቅል የአካባቢው ተወላጅ ነው። አትንቀዪው።

ጋሽ_ሙሌ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከሴይንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው የምጽፈው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሣሩን አንስቼ ግቢውን በሙሉ የፕሬሪ፣ ማለትም የሰፊው የአሜሪካ ሣር ሜዳ፣ አበባ አድርጌዋለሁ። ጎረቤት መጀመሪያ ያዝንልኝ ነበር፣ አሁን ዘር ይለምነኛል።

አትክልተኛዋ ያለችው አልተዋጠልኝም። ፎቶ 4ን አጉልቼ አየሁት። ፔታሉ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ ከጉብታው ሥር ተሰብሮ የተንጠለጠለ ይመስላል። ጉብታው ግራጫ ነው። ይሄ ራቲቢዳ ፒናታ ነው። እዚህ በየመንገዱ ዳር አለ።

ነገሩን ላብራራ፣ ሌላ ሰውም ይጠቅመው ይሆናል። አሜሪካኖች "ኮንፍላወር" የሚሉት ቢጫ አበባ አንድ አይደለም። ከሦስት የተለያዩ ወገኖች የተሰበሰበ ነው፤ ኤክናሲያ፣ ሩድቤኪያ፣ ራቲቢዳ። ሁሉም የኑግና የሱፍ አበባ ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ ቀለም ይዛችሁ አትነሱ፣ ቀለም አፑንም ያሳስታል። እኔ የማየው ከሥር ያለውን ቅጠል፣ አገዳውንና ጉብታውን ነው።

ኤክናሲያ ፓራዶክሳ የሚዙሪና የአርካንሶ ኦዛርክ ተራሮች ልጅ ነው። ቅጠሉ ጠባብ፣ ረጅም፣ ጫፉ ሹል ነው። አንድም ቦታ አይሰነጠቅም። ጉብታው ጥቁር ቡናማ ነው፣ መዳፍህን ስትጭንበት ይዋጋል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ብዙ አያልፍም። የኤክናሲያ ወገን ሐምራዊና ሮዝ ሆኖ ሳለ እሱ ብቻ በተፈጥሮው ቢጫ ነው። ቤዛ፣ ያንቺ እሱ አለመሆኑ ከቁመቱ ብቻ ያስታውቃል።

ሩድቤኪያ ላሲኒያታ ግዙፉ ነው። ሁለት ሜትር ይሄዳል፣ እርጥብ ቦታ ካገኘ ከዚያም ያልፋል። አገዳው ጸጉር የለውም፣ ሰማያዊ መሳይ ነጭ ብናኝ ይለብሳል። የታችኛው ቅጠል በጥልቀት የተከፈለ ነው፣ ጉብታው ሲጀምር አረንጓዴ ወደ ቢጫ ነው።

ራቲቢዳ ፒናታ ከአንድ ሜትር እስከ ሜትር ተኩል ነው። አገዳውም ቅጠሉም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሸካራ ነው። ቅጠሉ ከሦስት እስከ ሰባት ጠባብ ጣቶች ሆኖ ይከፈላል። ጉብታው መጀመሪያ ግራጫ ሆኖ ይቆይና ከታች ወደ ላይ እየፈካ ቡናማ ይሆናል።

አሁን ቤዛ ልጄ፣ ውጪና የደረቀ ወይም ሊደርቅ ያለ ጉብታ ቆርጠሽ በጣትሽ ጨፍልቀሽ አሽቺው። ምን ይሸትሻል?

አትክልተኛዋ፦
ጋሽ ሙሌ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ ራቲቢዳ ፒናታ የመካከለኛው ምዕራብ ተክል ነው። ኢሊኖይ፣ አዮዋ፣ ዊስኮንሲን፣ እርስዎ ጋ። ሜሪላንድ ውስጥ ራሱ በቅሎ የመገኘቱ ነገር ብዙም አይታመንም። ላሲኒያታ ነው።

ጋሽ_ሙሌ፦
የቀድሞው ባለቤት ተክሎት ቢሆንስ? ዘሩ በየካታሎጉ ይሸጣል። እስቲ ታሽትተው።

ቤዛ_ሜሪላንድ፦
አሸተትኩት! እንስላል! በቃ ልክ እንስላል ነው የሚሸተው። አማቴም ሰምተው ወጡና አሸተቱ፣ "ይሄ ለአረቄ ይሆናል" አሉ።

ግን አገዳውን ስነካው ለስላሳ ነው። ጋሽ ሙሌ ሸካራ ይሆናል ብለው ነበር። አሁን ጭራሽ ግራ ገባኝ።

ፍራንክፈርት_ነኝ፦
ይቅርታ በመሐል ልግባና፣ ፎቶ 1 እና 2 የተነሱት ከግድግዳው አጠገብ አሸንዳው ውሃ ከሚያወርድበት ጥግ ነው። ፎቶ 3 እና 4 ላይ ግን ከኋላ የእንጨት አጥር ይታያል። የፎቶ 2 ቅጠል ሰፊ ነው፣ የፎቶ 4 ጠባብ ጣት ጣት ነው። እኔ የሚታየኝ ሁለት የተለያየ ተክል ነው። ቤዛ፣ ያሸተትሽው የትኛውን ነው? የነካሽውስ?

ቤዛ_ሜሪላንድ፦
ያሸተትኩት የአጥሩን ነው፣ እሱ ቀድሞ ስለደረቀ። አገዳውን የነካሁት በረንዳው ጋ የአሸንዳውን ነው፣ ስልኬን ይዤ እዚያው ቆሜ ስለነበር። አሁን ሄጄ የአጥሩን ዳሰስኩት፣ ቆዳ ይልጣል! የአሸንዳው ጉብታ ደግሞ ምንም እንስላል እንስላል አይልም። ተራ ቅጠል ቅጠል ነው የሚለው።

ዳኒ_ዲሲ፦
ሁለታችሁም አሸነፋችሁ። አፑም ይቅርታ ይጠየቅ።

አትክልተኛዋ፦
ፍራንክፈርት፣ ዓይንህ ጥሩ ነው። እንግዲህ የአሸንዳው ላሲኒያታ፣ የአጥሩ ራቲቢዳ ፒናታ። አጥሩ ጋ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አለ አይደል? ቦታውም ራሱ ይናገራል። ላሲኒያታ እርጥበት ይወዳል፣ ግማሽ ጥላም አይከፋውም። ራቲቢዳ ደረቅና ፀሐያማ ቦታ ይሻለዋል። የቀድሞው ባለቤት የሚያውቅ ሰው ነበር።

ቤዛ፣ አንድ ተጨማሪ ማረጋገጫ ልስጥሽ። የአሸንዳው አገዳ አናቱ አካባቢ ቀይ ክሽክሽ ተጣብቆበት ካየሽ አትደንግጪ። ላሲኒያታን የሚወድ ደማቅ ቀይ ክሽክሽ አለ። መድኃኒት አትርጪበት፣ በጎማ ውሃ እጠቢውና ተዪው። የቀረውን ጥንዚዛ ይጨርሰዋል።

ቤዛ_ሜሪላንድ፦
ወይኔ፣ አለ! ትናንት አይቼው የሸረሪት እንቁላል መስሎኝ ነበር።

እሺ አሁን ዋናው ጥያቄ። ይቆይ? የአሸንዳው ተዘርጥጦ መንገዱ ላይ ወድቋል። ከዝናብ በኋላ በእግር ማለፍ አይቻልም።

ጋሽ_ሙሌ፦
ይቆይ እንጂ! ግን ሁለቱን በአንድ ዓይን አትዪያቸው።

ላሲኒያታ ከመሬት በታች ሥሩን እየላከ ይሰፋል። ቦታ ከሰጠሽው ጥግሽን ይወርሰዋል። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ማርች መጨረሻ ወይም ኤፕሪል ላይ ዙሪያውን በአካፋ ቆርጠሽ አውጪና ለሰው ስጪ። መውደቁን በተመለከተ፣ ዘንድሮ እንጨት ቸክለሽ እሰሪው። ከርሞ ሜይ መጨረሻ ላይ ቁመቱን በሲሶ ቁረጪው። ትንሽ ዘግይቶ ያብባል፣ ግን አጥሮና ቅርንጫፍ አብዝቶ ይቆምልሻል። ማዳበሪያ እንዳትሰጪው፣ ኮምፖስትም ቢሆን። የጠገበ አፈር ላይ ነው የሚዘረጠጠው።

ራቲቢዳ ጨዋ ነው። ሥሩ ወደ ጥልቅ ይወርዳል፣ ከተተከለ በኋላ ድርቅ አይበግረውም። እኔ ጋ ከዜሮ በታች 25 ሲሆን መሬቱ ድንጋይ ሆኖ ይከርምና በጸደይ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። የመጣበትን ቦታ ካሰባችሁት አይገርምም። ፕሬሪው በሳመር ይቃጠላል፣ በዊንተር ይበርዳል፣ ጎሽ ይግጠዋል። ከመሬት በላይ ያለው ሁሉ ጠፊ ስለሆነ ሀብቱን ሥሩ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ኢሊኖይና አዮዋ በአብዛኛው የዚህ ሣርና አበባ አገር ነበሩ። በቆሎና አኩሪ አተር መጣና ዛሬ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልቀረም። የተረፈው በአብዛኛው በባቡር ሐዲድ ዳርና በድሮ የመቃብር ቦታዎች ነው፤ ማረሻ ስላልደረሰባቸው። እኔ ይሄን አበባ መጀመሪያ ያየሁት ሐዲድ ዳር ነው። ሰው ስለ አማዞን ጫካ ያለቅሳል፣ ስለዚህ የሚያወራ ግን የለም።

ኦክቶበር ላይ አትቁረጪያቸው። ጎልድፊንች የሚሏት ትንሽ ቢጫ ወፍ ጉብታውን ስትፈለፍል ታያላችሁ። በነገራችን ላይ እቺ ወፍ የኛን ኑግም ትወዳለች። እዚህ መደብር ውስጥ "ናይጀር" እየተባለ ለወፍ የሚሸጠው ኑግ ነው፣ ከኢትዮጵያና ከህንድ የሚመጣ። የአረም ዘር አብሮ እንዳይገባ በሙቀት አምክነው ነው የሚያስገቡት። ስለዚህ ገዝታችሁ ብትዘሩት ብዙ አትጠብቁ።

ዳኒ_ዲሲ፦
ወፏ የኑግ ልጥልጥ ሳትጠግብ አልቀረችም እኮ።

ትዕግሥት_ሲያትል፦
እዚሁ ክር ላይ ብጠይቅ ይቅር ትሉኝ ይሆን? እኔ የገዛሁት ቢጫ ኤክናሲያ ነው፣ በረንዳ ላይ የሚያምር ነበር። መሬት ላይ ተከልኩት፣ በጸደይ አልተነሳም። የጎረቤቴ ሐምራዊ ግን በየዓመቱ ይነሳል።

አትክልተኛዋ፦
ይሄ ጥያቄ በየጸደዩ ናርሰሪ ይመጣል። በየመደብሩ የሚሸጡት ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ኤክናሲያዎች አብዛኞቹ ድቅል ናቸው። የጋሽ ሙሌን ፓራዶክሳ ከሐምራዊው ፑርፑሪያ ጋር በማዳቀል ነው ቀለሙ የተገኘው። የቺካጎ የዕፅዋት አትክልት ሥፍራም በዚህ ሥራ ቀዳሚ ከነበሩት ነው። ቀለማቸው ያፈዝዛል፣ ጉልበታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ለዓመታት ይቆያል፣ አንዳንዱ ከአንድ ሳመር በኋላ ደህና ሰንብቱ ነው።

ሁለት ነገር ይገድላቸዋል። አንዱ በዊንተር ውሃ የሚያቁር አፈር ነው። ሲያትል ዊንተሩ ዝናብ ነው፣ ስለዚህ እሱን ነው የምጠረጥረው። ፓራዶክሳ የድንጋያማ ተዳፋት ተክል ነው፣ ባህሪውን ለልጆቹ አውርሷል። ከፍ ያለ መደብ ሥሪ፣ ጠጠር ቀላቅይበት። ሁለተኛው ዘግይቶ መትከል ነው። አብቦ ያየሽውን ኦገስት ላይ ገዝተሽ ትተክያለሽ፣ ሥር ሳይሰድ ቅዝቃዜ ይደርስበታል። ሜይ ላይ ትከይና የመጀመሪያውን ዓመት አበባውን ቆርጠሽ ጣዪለት። ሆድ ይብሳል፣ አውቃለሁ።

እውነተኛውን ፓራዶክሳ ካገኘሽ ግን እሱን ያዢ። ዋና ሥሩ አንድ ሆኖ ወደ ታች ስለሚወርድ አንዴ ከተከልሽው አታንቀሳቅሺው።

ሰናይት_ዳላስ፦
የኔ ደግሞ ገና ቆሟል ግን አበባው አረንጓዴ ሆኗል። ከጉብታው መሐል ሌላ ትንሽ ቅጠል ቅጠል ነገር እየወጣ ነው። መጀመሪያ አዲስ ዓይነት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ፎቶው ይኸው።

ጋሽ_ሙሌ፦
ሰናይት፣ አረንጓዴው ጉብታው ላይ ብቻ ነው ወይስ ቅጠሉም አገዳውም ተለውጧል? ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሰናይት_ዳላስ፦
ቅጠሉም ቢጫ ሆኗል። ከጎን ቀጫጭን ቅርንጫፍ እየበዛ ነው።

ጋሽ_ሙሌ፦
እንግዲያው አስተር የሎውስ የሚባል የተክል በሽታ ነው። ፌንጣ የምትመስል በጣም ትንሽ ነፍሳት ከታመመው መጥጣ ወደ ጤነኛው ታደርሰዋለች። ተክሉ ውስጥ ከገባ መድኃኒት የለውም። ከነሥሩ ንቀይውና በከረጢት አድርገሽ ቆሻሻ ውስጥ ጣዪው። ዛሬ። "ትንሽ ልጠብቀው" ካልሽ ለጎረቤቶቹ ያዳርሳል፣ ለካሮትና ለሰላጣም ሳይቀር።

ቅጠሉ ጤነኛ ሆኖ ጉብታው ላይ ብቻ ጎፈር ጎፈር ያለ ነገር ቢወጣ ኖሮ በዓይን የማትታይ ማይት የምትባል ደቃቅ ተባይ ነች፣ የአበባውን ራስ ቆርጦ መጣል ይበቃ ነበር። ብዙ ሰው ሁለቱን አምታቶ ጤነኛውን ይነቅላል፣ በሽተኛውን ይንከባከባል።

ሰናይት_ዳላስ፦
ነቀልኩት። ቁጭ ብዬ ነው የነቀልኩት፣ በገዛሁበት ዋጋ እያዘንኩ። አመሰግናለሁ ጋሽ ሙሌ።

እማማ_ጓሮ፦
ልጆች፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። ይሄ ኤክናሲያ የምትሉት ለጉንፋን በሻይ መልክ የሚሸጠው ነው? የቤዛን ቢጫ ቅጠል አድርቆ ማፍላት ይቻላል ወይ? ጉልበቴ እንደ ድሮ አይደለም፣ ብርዱ ሲመጣ እየቀደመኝ ነው።

አትክልተኛዋ፦
እማማ፣ ጤና ይስጥልኝ። የቤዛን አያፍሉት። ለሻይና ለክኒን የሚሆኑት ሌሎች ናቸው፤ ኤክናሲያ ፑርፑሪያ፣ አንጉስቲፎሊያና ፓሊዳ፣ በአብዛኛው ሥራቸው ወይም ሐምራዊው አበባ ያለው ራስ። ራቲቢዳና ሩድቤኪያ ስማቸው "ኮንፍላወር" ስለሆነ ብቻ ተመሳሳይ አይሆኑም። ለጉንፋን ያላቸው ጥቅም ላይም ጥናቶቹ አልተስማሙም፣ ቢጠቅምም ጥቂት ነው። ደግሞ በዚህ ወገን አበባ ብናኝ የሚያስነጥስዎ ከሆነ ኤክናሲያው ራሱ ሊያሳክክዎ ይችላል። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይጀምሩ። ዳማከሴዎን ይዘው ይቆዩ እማማ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ላሲኒያታን የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ የሆኑት ቸሮኪዎች ሶቻን ይሉታል። በጸደይ ገና ለጋ ሳለ ቅጠሉን ቀቅለው፣ ከዚያ በስብ አቁላልተው ይበሉታል፣ እኛ ጎመን በምንሠራበት መንገድ ማለት ነው። ከ2019 ጀምሮ ግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በስምምነት እንዲለቅሙ ተፈቅዶላቸዋል። ይህ የነሱ እውቀት ነው፣ ሲለቅሙ በዓይናቸው ያውቁታል። እኛ ከፎቶ ተነስተን ድስት ላይ መጣድ የለብንም። ፈረስ፣ በግና አሳማ በብዛት በልተውት ታመዋል የሚል መዝገብም አለ።

እማማ_ጓሮ፦
እሺ ልጄ፣ ተባረኪ። ዳማከሴዬ ገና አለ።

ፍራንክፈርት_ነኝ፦
ላሲኒያታ ላይ እኔም አንድ ልበል። እዚህ አውሮፓ ታሪኩ ሌላ ነው። ለውበት ብለው ከአሜሪካ አመጡት፣ ከአትክልቱ አምልጦ ወንዝ ዳር ገባ። ጀርመንና ፖላንድ ውስጥ በየጅረቱ ዳር ሌላውን ሁሉ ሸፍኖ ታገኙታላችሁ። ጃፓን ደግሞ መትከሉንም ማጓጓዙንም በሕግ ከልክላለች። ስለዚህ አውሮፓ ያላችሁ ሰዎች "አትንቀዪው" የሚለውን ምክር አትውሰዱ። ሜሪላንድ አገሩ ነው፣ እዚህ እንግዳ ነው።

እኔ ያለኝ ጎልድሽቱርም የሚባለው የሩድቤኪያ ዓይነት ነው። አጭር ነው፣ ጥቁር ዓይን ያለው። ፖትስዳም የነበረው ካርል ፎርስተር በ1949 ለገበያ ያወጣው ነው፣ አሜሪካ ውስጥም በ1999 የዓመቱ ዘላቂ ተክል ተብሎ ተመርጧል። አበባው ግሩም ነው፣ ግን ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከታች እየጀመረ ወደ ላይ ይወጣል። መድኃኒት ልርጭ?

አትክልተኛዋ፦
አትርጭ። የፈንገስ ነጠብጣብ ነው፣ ከመልኩ በቀር አይጎዳውም፣ አበባውን አያስቀረውም። ውሃ ከላይ ሳይሆን ከሥሩ አጠጣ፣ ጠዋት ጠዋት። ዕፍግፍግ ካለ ጸደይ ላይ ከፋፍለው፣ አየር ይግባበት። የታመመውን ቅጠል በመኸር ሰብስበህ ከግቢ አውጣ፣ ከርሞ የሚነሳው ከዚያ ነውና።

ስለ ጥቁር ዓይን ካነሳህ አይቀር፣ የሜሪላንድ አርማ የሆነችው ብላክ አይድ ሱዛን የዚሁ ወገን ነች፣ ሩድቤኪያ ሂርታ። ከ1918 ጀምሮ የስቴቱ አበባ ነች። በየሜይ ሜሪላንድ ውስጥ በሚካሄደው የፕሪክነስ ፈረስ ውድድር ላይ አሸናፊው የሷን የአበባ ጉንጉን ይለብሳል ይባላል። ግን ሜይ ላይ ገና አላበበችም! የሚያጠልቁለት ሌላ ቢጫ አበባ ነው። ያን ሁሉ ሰው ፊት በቴሌቪዥን።

ቤዛ_ሜሪላንድ፦
ሃሃ፣ ይሄን ለባለቤቴ አነበብኩለት። እሱ ግን አሁንም ኤች ኦ ኤው ላይ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሰው በሣር ቁመት ተቀጥቷል።

አትክልተኛዋ፦
ቤዛ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በ2021 የወጣ ሕግ አለ፣ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ። የሰፈር ማኅበሩ ለንብና ለቢራቢሮ የተተከለ አትክልትን፣ ውሃ ቆጣቢ አትክልትንና የዝናብ ውሃ መሳቢያ አትክልትን በጭፍን ሊከለክል አይችልም። የአተካከሉን ሥርዓት የሚመለከት ምክንያታዊ መመሪያ ማውጣት ግን ይችላል፣ አንቺም ተክሉን በሥርዓት መያዝ አለብሽ። ስለዚህ ዙሪያውን በድንጋይ ወይም በእንጨት ከልይው። መንገድ ዳር ያለውን ሣር አሳጥሪ። ሆን ተብሎ የተተከለ እንጂ የተረሳ እንዳይመስል። የመተዳደሪያ ደንባችሁን አንብቡት፣ ደብዳቤ ከመጣም በጽሑፍ መልሱ።

ቤዛ_ሜሪላንድ፦
ዛሬ ማታውኑ ደንቡን አወጣለሁ። ባለቤቴ "እንዲህ ከሆነማ ይቆይ" ብሏል። አማቴ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አላቸው። ኦክቶበር ላይ ወደ አገር ቤት ይሄዳሉ፣ ዘሩን ይዘው አዲስ አበባ ግቢያቸው ሊተክሉ። ይሆናል?

የሆለታ_ልጅ፦
ይሄን ለኔ ተዉልኝ። የምሠራው አበባ እርሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን እዩት። ቤዛ ጋ ጁን ላይ ቀኑ ወደ 15 ሰዓት ይደርሳል። አዲስ አበባ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም። የላሲኒያታ ዘመዶች የሆኑት ጎልድሽቱርምና ብላክ አይድ ሱዛን ቀኑ ካልረዘመ የማያብቡ ናቸው። ቅጠል አብቅለው መሬት ላይ ተነጥፈው ይቀመጣሉ። ግሪን ሃውስ ውስጥ ማታ ማታ መብራት እናበራለን ስንል ሰው ይገርመዋል። ጂፕሶፊላን የመሰለ አበባ እንዲያብብ ሌሊቱን በመብራት እናሳጥርበታለን። የአማትሽ ግቢ ግን አምፖል አይሰቀልበትም መቼም።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። ዘር በሻንጣ አታስይዟቸው። ዘርና ችግኝ ሲገባ ከተነሳበት አገር የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ይጠየቃል፣ ያ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ቅንጨ አረምን የማያውቅ ገበሬ የለም፣ እሱም ከዚያው ከአሜሪካ አህጉር የመጣ የዚሁ የአበባ ቤተሰብ አባል ነው። ጣና ላይ እምቦጭ ያደረገውንም ታውቃላችሁ። ፍራንክፈርት ስለ ወንዝ ዳር የነገራችሁን ላሲኒያታ አባይ ዳር አስቡት እስቲ። ቢጫ አበባ ካማራቸው በመስከረም ቀና ብለው ጋራውን ይዩ።

ቤዛ_ሜሪላንድ፦
ነገርኳቸው። "እኔ ለመንፈስ ነበር" ብለው ሳቁ። ዘሩን እዚሁ ለሰፈር ሰው እንስጥ ብለዋል፣ ስለዚህ ጋሽ ሙሌ፣ መቼና እንዴት ነው የሚለቀመው?

ጋሽ_ሙሌ፦
ራቲቢዳው ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር ላይ ይደርሳል። ጉብታው ግራጫ ቡናማ ሆኖ በጣትሽ ስታሺው ያለምንም ትግል ከተበታተነ ደርሷል። አልበታተንም ካለ ሳምንት ጠብቂው። ከሁሉም አትልቀሚ፣ ግማሹን ለወፏ ተዪላት። ዘሩን በወረቀት ከረጢት አድርገሽ ደረቅ ቦታ አንጠልጥዪው። በፕላስቲክ ከሆነ ይሻግታል።

ለመዝራት ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ሣር የሌለበት መሬት ላይ በትኖ በእግር ረገጥ ረገጥ ማድረግ ነው። አፈር አታልብሺው፣ ብርሃን ይፈልጋል። ብርዱ የቀረውን ይሠራል። ሌላው ፍሪጅ ነው። ዘሩን ከእርጥብ አሸዋ ጋር ቀላቅለሽ በከረጢት አንድ ወር ያህል ታስቀምጪዋለሽ፣ ከዚያ በጸደይ ትዘሪያለሽ። ፓራዶክሳ የምትፈልጉ ሰዎች ሁለት ሦስት ወር አቆዩት፣ እሱ ግትር ነው። ከረጢቱ ላይ ስሙን ጻፉበት፣ ባለቤቴ አንዴ በርበሬ መስሏት ከፍታዋለች።

የመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ነው። ሁለተኛው ዓመት ነው የሚያብበው። ቡቃያውን ጥንቸል ስለሚወደው እስኪጠነክር በሽቦ ወንፊት ከልዪው። ላሲኒያታን ግን በዘር አትድከሚ፣ ኤፕሪል ላይ ከሥሩ ቆርጠሽ ማካፈል ነው። ስትሰጪ እንደሚሰፋ ለተቀባዩ ንገሪው።

ትዕግሥት_ሲያትል፦
ጋሽ ሙሌ፣ የፓራዶክሳ ዘር ካለዎት የፖስታውን እኔ እችላለሁ።

ጋሽ_ሙሌ፦
አለኝ። አድራሻሽን እዚህ አትጻፊው፣ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ጠጠሩን ግን ከወዲሁ አዘጋጂ።